ፊርማዬ

«ገዳዩ ማን ይሆን?» እያልኩ ነበር ፊልም የማየው። ከቪዲዮ ቤት የተከራየሁት፣ እ.ኤ.አ. በ1944 የተሠራው የቢሊ ዋይልደር «ደብል ኢንደምኒቲ» ግን ገና ሲጀምር ገዳዩን ነገረኝ። የኢንሹራንስ ሻጩ ዋልተር ኔፍ ቆስሎ ሌሊት ቢሮው ይገባና ወንጀሉን በድምፅ መቅረጫ ይናዘዛል።

ታዲያ ምን ቀረን? ሰውዬው በገዛ እግሩ ወደ ገደል ሲሄድ ማየት! በ1946 ፈረንሳውያን ሐያስያን እንዲህ ያሉትን ፊልሞች «ፊልም ኗር»፣ ጥቁር ፊልም አሏቸው። ለእኔ ጥቁረቱ ከጥላውና ከሲጋራው ጭስ ይልቅ እዚህ ላይ ነው፤ ኔፍ ሽፍታ አይደለም፤ እንደ እኔና እንደ እናንተ ሥራ ያለው፣ ጨዋታ አዋቂ ሰው ነው።

እኔም አንድ ጊዜ ላልሄድኩበት የመስክ ሥራ ውሎ አበል ፈርሜ ወስጃለሁ። ማንም አላስገደደኝም። ብሩ በሳምንቱ አለቀ፤ ፊርማዬ ግን እስከ ዛሬ ፋይሉ ውስጥ አለ።