ሞተሩን ሰምቼ ገዛሁት

ያቺን አሮጌ ካት 140ጂ ግሬደር ስገዛ ያየሁት ሞተሩን ብቻ ነበር። 3306 ሞተር፣ አንዴ ሲነካ ተነሳ፣ ጭሱም ንጹህ። በቃ፣ ከፈልኩ! ቀለሙም አዲስ ነበር (እሱ ራሱ ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር)።

ገና በመጀመሪያው ቀን ግን የጠረገችው የጠጠር መንገድ ሞገድ ሞገድ ሆኖ ወጣ። ኦፕሬተሩ ላይ ጮህኩበት። ምስኪን፣ ዝም አለ።

መካኒኩ መጣና ብሌዱን ከመሬት አስነስቶ በዲጂኖ ነቀነቀው። ሰርክሉ ይጫወታል! ሰርክሉን ደግፈው የሚይዙት ሹዎች ተበልተው አልቀዋል፤ ሺም እየቀነሱ ማጥበቅ እንኳን አይቻልም። «ጋሼ፣ ይሄን ሳይነቀንቁ ነው የገዙት?» አለኝ። ምን ልበል?

ሹዎቹ ተቀየሩ፣ ክፍተቱ በሺም ተስተካከለ። ያው ኦፕሬተር ያንኑ መንገድ እንደ ምጣድ አለሰለሰው። ሰው ፊት ስለጮህኩበት ይቅርታም የጠየቅኩት ሰው ፊት ነው። «ኧረ ችግር የለም ጋሼ» ብሎ ብሌዱን ማጠቡን ቀጠለ።