ከደቅ ደሴት እስከ ባሕር ዳር፤ የኤሌክትሪክ አውቶሞቢል የት ያድራል?

ጣናን ለማየት ባሕር ዳር የሄዱ እንደ ሆነ፣ ከሐይቁ ዳር ተቀምጠው ቡና ጠጥተው ብቻ አይመለሱ። በማለዳ ተነሥተው በሞተር ጀልባ ወደ ደቅ ይዝለቁ። የዘጌን የቡና ጫካ በግራዎ ትተው ወደ ሰሜን ጥቂት ሰዓት ከተጓዙ በኋላ፣ ከጣና ደሴቶች ሁሉ ትልቋ ደቅ ትታይዎታለች። በምዕራብ ዳርቻዋ እቴጌ ምንትዋብ በ18ኛው መቶ ዓመት ያሳነጹት ናርጋ ሥላሴ አለ። በምሥራቅ በኩል ደግሞ ዳጋ እስጢፋኖስ ከውሃው ላይ ከፍ ብሎ ቆሟል፤ በዚያ ገዳም የአጤ ዳዊት፣ የአጤ ዘርዐ ያዕቆብና የአጤ ፋሲል አፅም ይገኛል።

ስለ ገዳማቱ ብዙ ተጽፏልና፣ ዛሬ ዐይንዎን ወደ ውሃው ዳር እንዲጥሉ እንለምንዎታለን። በዚያ የምትታየው ታንኳ ከደንገል የተሠራች ናት። ደንገል ውሃ ይጠጣል፤ ስለዚህ ባለ ታንኳው ከመንገዱ ሲመለስ ጎትቶ ያወጣትና አቁሞ ለፀሐይ ይሰጣታል። ሳትደርቅ የቆየች ታንኳ ለሚቀጥለው መንገድ ትከብዳለች፤ ቶሎም ትበሰብሳለች። እንግዲህ ታንኳ ያለው ሰው ታንኳዋ የምታርፍበት ዳርቻም ሊኖረው ግድ ነው። ይህን ነገር ልብ ይበሉት፤ ባሕር ዳር ስንመለስ ይጠቅመናል።

ወደ ደቅ ድልድይ ስለሌለ ደሴቲቱ የአውቶሞቢል አገር አይደለችም። ማታ ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ ግን፣ ዘንባባ በተተከለበት ጎዳና ላይ በባጃጁና በሚኒባሱ መካከል ሞተሩ የማይጮኽ፣ ጭስም የማይተፋ አውቶሞቢል ሊያልፍዎት ይችላል። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸው ከተነገረ ወዲህ፣ መኪና ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ፊቱን ወደ ኤሌክትሪክ አዙሯል። ስለሆነም ገዢው «መኪናው ጥሩ ነውን?» ብሎ ብቻ ቢጠይቅ አይበቃውም፤ «የት ያድራል?» ብሎም መጠየቅ አለበት።

የኃይሉ ነገር ከሆነ፣ አንዱ ምንጩ ይኸው ደቅን የከበባት ውሃ ነው። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የተኛ፣ ስፋቱም ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። በ1950ዎቹ ጢስ ዓባይ ላይ የተሠራው የመጀመሪያው ጣቢያ ኃይሉ 11 ሜጋ ዋት ያህል ብቻ ነበር። በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ ግን ውሃውን ከሐይቁ በቁንዝላ በኩል ተቀብሎ፣ በመሬት ውስጥ በተቦረቦረ ዋሻ አሳልፎ ወደ በለስ ወንዝ ሲያወርድ እስከ 460 ሜጋ ዋት ለማመንጨት የተሠራ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብማ አቅሙ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። እንግዲህ ለባለ መኪናው ዋናው ጭንቀት ግድቡ አይደለም፤ ከመንገዱ ምሰሶ ተነሥቶ እስከ ቤቱ ግድግዳ የሚደርሰው ሽቦ ነው።

ሂሳቡን በቤት ዕቃ እንመልከተው። እንጀራ የሚጋገርበት የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ያህል ይስባል። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ትንሹ መሙያ በ10 አምፔር ሲሠራ የሚስበው 2.2 ኪሎ ዋት ነው፤ ከምጣዱ ያነሰ መሆኑ ነው። ልዩነቱ በሰዓቱ ላይ ነው፤ ምጣዱ እንጀራው እስኪያልቅ ሠርቶ ያርፋል፣ መኪናው ግን ሌሊቱን ሙሉ ይስባል። በ9 ሰዓት 20 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ይህም 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ወደ ጢስ ዓባይ ደርሶ ለመመለስ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው፤ ከቤት ወደ ቢሮ ለሚመላለስ ሰውማ የአንድ ሌሊቱ ሙሊት ለብዙ ቀን ይበቃዋል። አንድ ሌሊት መብራት ቢጠፋም፣ ባትሪውን አስቀድሞ የሞላ ሰው በማግስቱ ከሥራው አይቀርም። ጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃልና ከአንድ ሌሊት የበለጠ ስንቅ ይጠይቃል። ወደ አዲስ አበባ የሚወርድ ደግሞ የዓባይን በረሃ መቁጠር አለበት፤ ቁልቁለቱን ሲወርድ ሞተሩ እንደ ተርባይን ሆኖ ጥቂት ኃይል ለባትሪው ይመልሳል፣ ዳገቱ ግን ከተመለሰው አብልጦ ያስከፍለዋል።

እስካሁን ያወራነው የራሱ ግቢና የራሱ ቆጣሪ ስላለው ሰው ነው። ከአንባቢዎቻችን ብዙዎቹ ግን ተማሪዎችና ጀማሪ የመንግሥት ሠራተኞች ናችሁ፤ የምትኖሩትም በአንድ ግቢ፣ በአንድ ቆጣሪ፣ ከአከራይና ከሌሎች ተከራዮች ጋር ነው። የመብራት ታሪፍ በደረጃ የሚወጣ በመሆኑ፣ ብዙ በተጠቀሙ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ይጨምራል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በወር 150 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይበላል፤ በጋራው ቆጣሪ ላይ ሲደመር ሂሳቡን ወደ ላይኛው ደረጃ ሊገፋው ይችላል። ያን ጊዜ አንዲት አምፖል የምታበራው ጎረቤት ለሌላው መኪና ከፋይ ትሆናለች ማለት ነው። የግቢ ሰላም ከሚደፈርስባቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው።

ስለዚህ የኤሌክትሪክ መኪና ቀርቶ ሞተር ብስክሌት እንኳ ለመግዛት ያሰቡ እንደ ሆነ፣ አስቀድመው ከአከራይዎ ጋር በግልጽ ይነጋገሩ፤ ለመሙያው ብቻ የሚያገለግል ትንሽ ቆጣሪ ያስገጥሙና በየወሩ ንባቡን ለሁሉም ያሳዩ። መስመሩ ከዋናው ብሬከር የተለየ፣ ሽቦው ወፍራም፣ የመሬት ሽቦም ያለው መሆኑን ሙያተኛ ይመርምረው። በቀጭን ማከፋፈያ መሙላት እሳት መጋበዝ ነው። ስፒናውን ከያዙት በኋላ ከሞቀብዎ ያቁሙት። ምጣዱ በተጣደበት ሰዓት መኪናውን አይሰኩ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ሶኬቱ ከጣራ በታች፣ ከመሬትም ከፍ ያለ ይሁን። የሞተር ብስክሌት ባትሪ አውጥተው የሚሞሉ ከሆነ ደግሞ ከአልጋዎ አጠገብ ወይም በመውጫው በር ላይ አያስቀምጡት።

ለአለቆችም አንድ ቃል አለን። ሠራተኛ ቀኑን የሚውለው በመሥሪያ ቤት ነው። በመሥሪያ ቤቱ ግቢ በቆጣሪ የሚከፈልባቸው ጥቂት መሙያዎች ቢተከሉ፣ ግቢ የሌለውም ሰው ከዚህ አዲስ ነገር ተካፋይ ይሆናል። ይህ ካልተደረገ ግን ከጣና የሚወጣው ኃይል የሚያገለግለው ሰፊ ግቢ ያለውን ብቻ ይሆናል፤ የተቀረው የጎረቤቱን ሂሳብ ሲጋራ ይኖራል።

አንባቢ ሆይ፣ የደቅ ሰው ደንገሉን ከማጨዱ በፊት ታንኳዋ የምትደርቅበትን ዳር ያውቃል። እርስዎም ሳሩን አይቶ ገደሉን እንዳላየው በሬ እንዳይሆኑ፣ የመኪናውን ቀለም ከመምረጥዎ በፊት የሚያድርበትን ግድግዳ ይመልከቱ።