ስለ ባልንጀራ መናገር

በዘመናችን ስለ መሪነት ብዙ ይነገራል። ለኮሌጅ ልጃገረዶች የሦስት ቀን ሥልጠና ይሰጣል፤ ቲሸርት ይታደላል፤ በመጨረሻው ቀን የምስክር ወረቀት ይሰጥና ፎቶግራፍ ይነሣል። ይህን የምጽፈው ሥልጠናን ለመንቀፍ አይደለም፤ ምሳው ብቻ እንኳ ለተማሪ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ልጃገረድ መሪ የምትሆነው መሪ ነሽ ስለ ተባለች ሳይሆን፣ የባልንጀራዋን ችግር እንደ ራሷ ጉዳይ ይዛ፣ በየቢሮው በር ቆማ፣ መልስ እስኪገኝ ድረስ ሳትሰለች ስትመላለስ ነው የሚል አስተያየት አለኝ። ይህንም ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ በወላይታ ሶዶ ከተማ በአንድ ኮሌጅ የሴት ተማሪዎችን ማኅበር እንዳማክር ተጠይቄ በቈየሁበት ጊዜ ካየሁት ነው።

ሶዶ በዳሞታ ተራራ ሥር የተቀመጠች ከተማ ናት። የወላይታ ሶዶ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ ከጎንደርም፣ ከጅማም፣ ከሐረርም የመጣ ተማሪ በጎዳናዋ ይታያል። ከሩቅ የመጣችው ልጅ የአገሩን ቋንቋ አታውቅም፤ ከቦዲቲ ወይም ከገሱባ የመጣችው ደግሞ ቋንቋውን ብታውቅም፣ ከቤተ ሰቧ ኮሌጅ የረገጠች የመጀመሪያዪቱ እርሷ ልትሆን ትችላለች። ሁለቱም በአንድ ክፍል በተደራረበ አልጋ ይተኛሉ፤ ሁለቱም የሚጨንቃቸውን የሚነግሩት ሰው ያጣሉ። ማኅበር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያው ስብሰባ፣ ስለ ሴቶች እኩልነት ረዥም ደብዳቤ ይጻፍ የሚል ሐሳብ ቀረበና ብዙዎቹ አጨበጨቡ። ከኋላ የተቀመጠች የገሱባ ልጅ ግን ድምፅዋ በጭንቅ እየተሰማ፣ «እኔ የምፈልገው መብራት ነው» አለች። አንዳንዶች ሳቁ። ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። ከቤተ መጻሕፍቱ እስከ ሴቶቹ መኝታ ቤት ያለው መንገድ ጨለማ ነበር፤ ስለዚህ ሴቶቹ በ12 ሰዓት መጽሐፋቸውን አጥፈው ሲወጡ፣ ወንዶቹ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያነባሉ። ፈተናው ሲመጣ የሴቶቹ ውጤት ያንስና «ድሮስ ሴት» ይባላል። መብራቱን የሚያነሣ ግን የለም።

ደብዳቤው ለጊዜው ቀረና ቈጠራ ተጀመረ። ሁለት ሁለት እየሆኑ ዐሥር ቀን ማታ ማታ በቤተ መጻሕፍቱ በር ቆመው፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ውስጥ የሚቀረውን ሰው ቈጠሩ። በአንዱ ማታ 61 ወንዶችና 4 ሴቶች ተገኙ፤ አራቱም አብረው ለመመለስ የተነጋገሩ ነበሩ። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈው፣ ስድስት ሆነው ወደ ዲኑ ሄዱ። ስድስት መሆናቸው ያለ ምክንያት አይደለም። አንዲቱ ብቻዋን ብትሄድ «እሺ የኔ ልጅ፣ ይታያል» ተብላ ትመለሳለች፤ ለስድስቱ ግን ጸሓፊዋም ብትሆን ወንበር መፈለግ አለባት። ዲኑ በቅንነት አነጋገሯቸው፤ ነገር ግን በጀት የለም አሉ።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ አዝኖ ይመለሳል። እነዚህ ግን የግቢውን ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ፈልገው አገኙ። ጋሼ ብለው፣ ቡና ጋብዘው ቢጠይቋቸው፣ ምሰሶዎቹ ዘጠኝ እንደ ሆኑ፣ አምስቱ ከአምፖል በቀር ምንም እንዳልጐደላቸው፣ አምፖሉም በዕቃ ግምጃ ቤት እንዳለ፣ የጠፋው በመጠየቂያው ቅጽ ላይ የአንድ ሰው ፊርማ ብቻ እንደ ሆነ ነገሯቸው። ያ ፊርማ በሁለት ወር ተኩል ተገኘ። አምስቱ መብራቶች በሩ፤ አራቱ ሽቦ ይፈልጉ ነበርና ቀሩ። ስለ ሌላው መሟገት ማለት መጮኽ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው፤ እኔ ግን ፊርማው በማን እጅ እንዳለ ያወቀችውን ልጅ ከጩኸተኛዋ አስበልጣለሁ።

ወጣት አንባቢ ሆይ፣ «ይህ ስለ አምፖል ነው እንጂ ስለ መሪነት አይደለም» ትል ይሆናል። ከወላይታ በስተ ሰሜን ጎረቤት የሆነው የከምባታ አገር ያስገኘቻቸውን ቦጋለች ገብሬን እንመልከት። በልጅነታቸው ውሃ ልቀዳ እያሉ ወጥተው በስውር ፊደል ቈጠሩ፤ ከዚያም በአዲስ አበባ፣ በኢየሩሳሌም፣ በኋላም በአሜሪካ ተማሩ። እዚያው ቢቀሩ የሚወቅሳቸው አልነበረም። ሆኖም ወደ አገራቸው ተመልሰው በአውሮጳ አቆጣጠር በ1997 ከእኅታቸው ከፍቅርተ ጋር ከምባቲ ሜንቲ ጌዚማ የሚባለውን ማኅበር አቋቋሙ። ሐሳባቸው የሴት ልጅ ግርዛትንና ጠለፋን ማስቀረት ነበር፤ በአደባባይ የማይነሣውን የኤድስን ነገርም ሊያነሡ ፈለጉ። ሕዝቡን ሰብስበው ሲናገሩ ግን ሽማግሌዎቹ ሌላ ነገር ጠየቁ፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴም ወደ ገበያ የሚሻገርበት ድልድይ የለንም አሉ። ቦጋለችም፣ እኔ የመጣሁት ለሌላ ጉዳይ ነው ብለው አልተከራከሩም፤ ድልድዩ እንዲሠራ አደረጉ። ከዚያ በኋላ በተናገሩ ጊዜ የሚሰማ ጆሮ አገኙ። ወንዱም፣ ሴቱም፣ ሽማግሌውም፣ ወጣቱም በየቀበሌው ተቀምጦ ለብዙ ጊዜ ተወያየ፤ በአውሮጳ አቆጣጠር በ2002 አንዲት ሙሽራ አለመገረዟን ሕዝብ እያወቀ፣ በብዙ እንግዳ ፊት በክብር ተዳረች። ቦጋለች በ2012 ዓ.ም. ሲያርፉ፣ በከምባታ የሴት ልጅ ግርዛት እንደ ድሮው የሁሉ ቤት ልማድ መሆኑ ቀርቶ ነበር። የገሱባዪቱ ልጅ መብራትም እንዲህ ያለ ድልድይ ነው ብዬ አምናለሁ።

በወላይታ እንሰት ሲፋቅ ያየ ሰው የማኅበርን ነገር በቀላሉ ያስተውላል። ሥራው ከባድ ነውና ጎረቤታሞቹ ሴቶች ተሰብስበው ዛሬ የአንዲቱን፣ ነገ የሌላዪቱን ይፍቃሉ። ልጃገረዶቹም ይህን ከእናቶቻቸው ስላዩት፣ ደብዳቤ ማድረስ በተራ እንዲሆን ወሰኑ። አንደበተ ርቱዕ የሆነችው ብቻ ሁልጊዜ እንድትናገር አልፈቀዱም። ዓይን አፋሪቱ ተራዋ ሲደርስ ከሁለት ባልንጀሮቿ ጋር ትገባለች፤ ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥም የሚናገረው እርሷ ትሆናለች። በየወሩም ዐሥር ዐሥር ብር እያዋጡ ሣጥን አቋቋሙ፤ ለሳሙናና ለሞዴስ መግዣ ያጣች ልጅ ስሟ ሳይጠራ ከዚያ ይሰጣታል። በወር አበባ ምክንያት ከክፍል መቅረት ምን ያህል ትምህርት እንደሚያስቀር ወንድ መምህር አይገባውም፤ ቢገባውም ያፍራል።

ከመብራቱ በኋላ የመጣው ጉዳይ ግን በአምፖል የሚፈታ አልነበረም። አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ አንድ መምህር ስለ ውጤቷ ማታ ቢሮው ድረስ እንድትመጣ እንደ ነገራት በሌሊት ለክፍል ጓደኛዋ አልቅሳ ነገረቻት። ስሟ እንዲነሣ አልፈለገችም። አባቷ ቢሰማ ወደ አገር ቤት ይመልሳታል፤ የሰፈሩም ሰው መምህሩን ትቶ እርሷን ይጠይቃል። ከማኅበሩ ልጆች ገሚሶቹ የሰውዬውን ስም በአደባባይ እናውጣው አሉ፤ ቍጣቸው ተገቢ ነበር። የገሱባዪቱ ልጅ ግን «ነገሩ የእርሷ ነው፤ ሳትፈቅድ አናወጣውም» አለች። ሌሊቱ በክርክር አለፈ።

ክርክሩን የፈታው አንድ የቈየ ታሪክ ነው። በአርሲ ተጠልፋ ጠላፊዋን የገደለችውን የ14 ዓመት ልጅ ነገር ብዙ ሰው ሰምቷል። በ1949 ዓ.ም. በወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ቢያገባ ከቅጣት ያመልጥ ነበር። መዓዛ አሸናፊና የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለልጅቱ ቆመው ነፃ ወጣች፤ ነገር ግን ማኅበሩ በዚያ ብቻ አልረካም፤ ሕጉ እንዲለወጥ መሟገቱን ቀጠለ፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም ያን ማምለጫ አስቀረ። ልጆቹ ከዚህ ተነሥተው፣ የማንንም ስም ሳይጠሩ ሁለት ነገር ለመጠየቅ ተስማሙ፤ የፈተና ወረቀት ላይ በስም ፈንታ ቍጥር ይጻፍ፤ ከ11 ሰዓት በኋላም ሴት ተማሪ ብቻዋን ወደ መምህር ቢሮ አትጠራ።

ያቺም ልጅ ከትምህርቷ አልቀረችም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ሁለት ባልንጀሮቿ ከክፍል ወደ መኝታ ቤት ሳይለዩ ይወስዷት ነበር።

ኮሌጁ ለመጀመሪያው ደብዳቤ፣ ጉዳዩን ኮሚቴ ያየዋል ሲል መለሰ። ለሁለተኛው መልስ አልሰጠም። ሦስተኛው ደብዳቤ በሚቀጥለው ዓመት በ94 ተማሪዎች ተፈርሞ ገባ፤ ካደረሱት ሦስት ልጃገረዶች አንዷ ያቺው ልጅ ነበረች፤ ስሟም ከሌሎቹ ስሞች መካከል በተራው ተጽፏል።