ለገሃር ሰልፍ ላይ ያገኘሁት ተማሪዬ

ትናንት ማታ ለገሃር አንበሳው ሐውልት ጋ ታክሲ ስጠብቅ አንድ ተራ አስከባሪ "ቲቸር!" ብሎ ጠራኝ። "የ2014 ባች ነኝ፣ ኋላ ወንበር ነበርኩ።" ፊቱ ትዝ አለኝ፤ ስሙንም እንደሚያስታውስ ሰው ሆንኩ። (አትታዘቡኝ፣ በአንድ ክፍል 60 ልጅ ነው።)

ተራዬ እስኪደርስ ሳየው ነበር። ነፍሰ ጡሯን ከኋላ አምጥቶ አስቀደማት። ሊጋፋ የመጣውን ጎረምሳ መለሰው። ረዳቱን "ትርፍ አትጫን" አለው። ማነው እንዲህ አድርግ ያለህ ስለው ጥያቄው ገረመው። "እኔ ነኛ! እዚህ ሰልፍ ላይ የምወስነው እኔ ነኝ።"

ይቺ መልስ እንቅልፍ ነሳችኝ።

የእነሱ ውጤት ጥር 2015 ላይ ሲነገር ታስታውሳላችሁ። ፈተናው ለመጀመሪያ ጊዜ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ፣ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው ከተፈተነው 3.3 በመቶ ብቻ ነበር። ያን ሰሞን መምህራን ማረፊያችን ውስጥ ምክንያት ተደረደረ፤ ኮሮና፣ ጦርነት፣ ስልክ፣ ከታች ጀምሮ ሳይማር የመጣ ልጅ። አንዱም ውሸት አይደለም። አንዱም ግን እኛ እጅ ላይ የለም። ከሁሉም ጮክ ብዬ የማወራው ደግሞ እኔ ነበርኩ። ለሦስት ዓመት ያንኑ የምርጫ ጥያቄ ተራ ቁጥሩን እየቀያየርኩ ስፈትን እንደኖርኩ ትንፍሽ አላልኩም።

ጁሊያን ሮተር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1966 ስለዚህ ጽፏል። ሰው የሚደርስበትን ነገር ከራሱ ሥራ የመጣ ነው ይላል ወይስ ከዕድልና ከኃያላን? እንደ መልሱ አሠራሩም ይለያያል። ሥልጠና ላይ ይቺን ሐሳብ ይዘው "ሰበብ አታብዙ" የሚሉንን ሰምቻለሁ። የሚዘሉት ነገር ግን አለ፤ እንደ ሮተር አባባል ይህ እምነት ከልምድ የሚመጣ ነው።

ከልምድ እንዴት እንደሚመጣ በራሴ አይቻለሁ። ከዚያ በፊት፣ ስሙን በማልጠራው ትምህርት ቤት፣ 38 ብዬ ያስረከብኩት ማርክ ሮስተር ላይ 50 ሆኖ አገኘሁት። ስጠይቅ "ከላይ ነው" ተባልኩ። በቃ፣ ከዚያ በኋላ እኔ የለሁም። ፈርሞ መውጣት፣ ሰኞ ሰኞ መታመም፣ የአምናውን የትምህርት ዕቅድ ቀኑን ቀይሮ ማኅተም ማስመታት። ስንፍና ብቻ አልነበረም፤ ብዕሩን ከእጄ ወስደውብኝ ነው። ጥያቄዎቹን ግን ማንም አልወሰደብኝም። እነሱን የጣልኳቸው ራሴ ነኝ።

ለልጁ ይህን ሁሉ አልነገርኩትም። ተራዬ ደርሶ ጋቢናውን ከፈተልኝና እየሳቀ "ቲቸር፣ የእርሶን ፈተና እኮ ከአምናዎቹ ነበር የምናገኘው" አለኝ። በሩን ዘጋልኝ። ሒሳቤንም ከፍሎልኛል።

ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ አዲስ ጥያቄ እየጻፍኩ ነው። ምርጫ የለውም። አራት ክፍል ነው የማርመው፣ ያውም በእጅ። ልክ ስጨርስ ስንቱ እንደወደቀ እነግራችኋለሁ።