ከስድስት ኪሎ እስከ አራት ኪሎ

አዲስ አበባን ሊጎበኝ የሚመጣ ሰው መስከረምን ወይም ጥርን ይመርጣል። በመስከረም አደይ አለ፤ በጥር ጥምቀት አለ። በሐምሌ ግን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ የተቀመጠችው ይህች ከተማ ጉም ተከናንባ ትውላለች፤ እንጦጦ ከዓይን ይሰወራል፤ መንገዱ ጅረት፣ ጅረቱም ወንዝ ይሆናል። ቢሆንም ከተማን በፀሐይ ያየ መልኳን፣ በዝናብ ያየ ጠባይዋን ያውቃል ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እኔና ባለቤቴ ባለፈው ሐምሌ ከደብረ ብርሃን የወረድነው ለአንድ ቀን ነበር። እኔ ሥዕል፣ እርስዋ ታሪክ አስተምረን ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ጉዞውን ያሰበችው እርስዋ ናት። የእናትዋ አባት በየካቲት 1929 ዓ.ም. ማር ሊሸጡ አዲስ አበባ እንደ ወረዱ ቀሩ። በዚያ ወር በ12ኛው ቀን የፋሺስቱ እንደራሴ ግራዚያኒ ምጽዋት እሰጣለሁ ብሎ ድሆችን በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ሰበሰበ፤ አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምብ ጣሉበት፤ ከዚያም ሦስት ቀን ሙሉ ሕዝቡ በጥይት፣ በአካፋና በእሳት አለቀ። የኢትዮጵያ መንግሥት የሟቾቹን ቁጥር 30,000 ብሎታል። አያትየው ከእነዚህ አንዱ ይሁኑ አይሁኑ የነገረን የለም። መቃብርም ፎቶግራፍም የላቸውም። አማቴ በጊዜው ጡት የሚጠቡ ሕፃን ነበሩ፤ ካደጉ በኋላ ግን ዕድሜያቸውን ሙሉ በየዓመቱ የካቲት 12 ቀን ጠላ ጠምቀው፣ ዳቦ ደፍተው አባታቸውን ሲዘክሩ ኖረው አረፉ። ባለቤቴም ይህንኑ ቀን 34 ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋለች፤ ሐውልቱን ግን ከአውቶቡስ መስኮት በቀር ቀርባ አይታው አታውቅም ነበር።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ ዝናቡ በረታ። ጥላችን አንድ ነው፤ እርስዋ ግን ከጥላው ወጥታ ወደ ሐውልቱ ቀረበች። ሥራው አንቱን አውጉስቲንቺችና ፍራኖ ክርሺኒች የተባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራፅያን ነው፤ የእነርሱም አገር በ1933 ዓ.ም. በፋሺስቶች የተወረረች ነበረችና፣ በነሐስ ያወጡትን የወደቀ ሰው ባዕድ ሆነው የቀረጹት አይመስለኝም። ውሃው በምስሎቹ ጉንጭ ላይ ይወርዳል።

«አየሽ፣ ነሐሱ የሚያለቅስ ይመስላል» አልኋት።

«ነሐስ አያለቅስም፤ የሚያለቅስ ሰው ነው። ይልቅ ፊታቸውን እይልኝ» አለች።

እየዞረች አንድ በአንድ ተመለከተቻቸው። ምን እንደምትፈልግ ገባኝ። በማታውቀው ፊት መካከል የምታውቀውን ትፈልጋለች።

ከዚያ መንገዱን ተሻግረን፣ በ1954 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ ግቢ ወደ ሆነው ወደ ቀድሞው ቤተ መንግሥት ገባን። በሕንፃው ፊት ለፊት ወደ የትም የማይወስድ አንድ ደረጃ ቆሟል። ፋሺስቶች በሥልጣን ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ዓመት አንዳንድ እርከን እየጨመሩ የሠሩት ነው። ከነፃነት በኋላ በመጨረሻው እርከን ላይ የይሁዳ አንበሳ ምስል ተቀመጠበት። ባለቤቴ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው እዚህ ነበር። ደረጃውን ማፍረስ የአንድ ቀን ሥራ ነበር፤ ያልፈረሰው ግን እስከ ዛሬ ይመሰክራል።

በሕንፃው ውስጥ ባለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ልብሳችን እየተንጠባጠበ ከጥንት ሥዕሎች ፊት ቆምን። አንባቢ እንደሚያውቀው በጥንቱ የአሣሣል ሥርዓታችን ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሣላል፤ ክፉ ግን ወደ ጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ባለቤቴ ብዙ ዝም ብላ ቆይታ፣

«የአያቴን መልክ ሣልልኝ» አለች።

«ያላየሁትን ሰው እንዴት አድርጌ?»

«እነዚህስ ሠዓሊዎች ቅዱስ ጊዮርጊስን አይተውት ነው?»

መልስ አጣሁ። ብዙ ዓመት ለተማሪዎቼ «የምታዩትን ሣሉ» ስል ኖሬአለሁ፤ ትምህርቱም ትክክል ነው። ነገር ግን የማይታየውን ሰው የሚጠብቅ ወገን እንዳለ፣ ሥዕልም ለእርሱ ዕዳ እንዳለባት ያን ቀን ተሰማኝ።

ቁልቁል ወደ ብሔራዊ ሙዚየም በእግር ወረድን። ድንቅነሽን ያላየ የለምና አላረዝመውም። በ1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ በሐዳር የተገኘች፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያላት ናት። ባለቤቴ ግን «እርስዋ አጥንት አላት፤ ስሟን ያወጣንላት እኛ ነን። አያቴ ስም አላቸው፤ አጥንታቸው የለም» ብላ አለፈች።

አራት ኪሎ ስንደርስ ዝናቡ ወደ ካፊያ ተመለሰ። እዚያ የቆመው ሐውልት የሚያዝያ 27 መታሰቢያ ነው፤ ጠላት በ1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባበት፣ በአምስተኛው ዓመትም፣ በ1933 ዓ.ም.፣ ንጉሠ ነገሥቱ ተመልሰው የገቡበት ቀን። ከሐዘኑ ሐውልት እስከ ድሉ ሐውልት ያለው መንገድ በእግር አጭር ነው። ያን አጭር መንገድ ለመሄድ አገሪቱ ከየካቲት 1929 በኋላ አራት ዓመት ፈጅቶባታል። ይህን በመጽሐፍ አንብቤው ነበር፤ በረጠበ ጫማ ስሄደው ግን ቁጥሩ ሌላ ክብደት አገኘ።

ስለዚህ መምህራን ተማሪዎቻችሁን ይዛችሁ በዚህ መንገድ ብትወርዱ መልካም ነው፤ ዝናብም ቢሆን አትመለሱ። ሐውልት የሚናገረው ቀርቦ ለጠየቀው ነውና። ሠዓሊያንም ብትሆኑ፣ በየቤቱ ፎቶግራፍ የሌለው አንድ የጠፋ ሰው እንዳለ አትርሱ።

የአያትየውን ሥዕል ጀምሬዋለሁ። የግንባራቸውን ስፋት ከአማቴ፣ የአገጫቸውን ቅርጽ ከባለቤቴ ተበድሬአለሁ፤ ጋቢው ገና ነው፤ የማር ገንቦውም ገና ነው። ፊት ለፊት የሚያዩት ሁለቱ ዓይኖች ግን ተሠርተው አልቀዋል።