ሻንጣው ሞልቷል፣ ወረቀቱስ?

ለአጭር ጊዜ ተልእኮ ወደ ውጭ የሚሄድ የቤተ ክርስቲያን ቡድን እንዴት ነው የሚዘጋጀው? ገንዘብ ይሰበሰባል፣ ይጸለያል፣ ክትባት ይወሰዳል፣ ቲሸርት ይታተማል (ቲሸርቱ መቼም አይቀርም)። የሚሄዱበትን አገር ሕግ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ግን ስንቱ ነው?

ሄይቲን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 12 ቀን 2010 ርዕደ መሬቱ አገሪቱን አፈራረሳት። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ 10 አሜሪካውያን፣ አብዛኞቹ ከአይዳሆ የባፕቲስት አብያተ ክርስቲያናት የመጡ፣ 33 ሕፃናት በአውቶቡስ ጭነው ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሊሻገሩ ሲሉ ድንበር ላይ ተያዙ። ልጆቹን ከአገር የሚያስወጣ ፈቃድ አልነበራቸውም። አንድ የዶሚኒካን ቆንስል ያለ ወረቀት ከሄዳችሁ ትታሰራላችሁ ብሎ መሪያቸውን አስቀድሞ ማስጠንቀቁን ተናግሯል።

ደግነታቸውን መጠርጠር አያስፈልግም። ነገሩን የሚያከብደውም ይሄው ነው። «ወላጅ አልባ» ከተባሉት ልጆች የብዙዎቹ ወላጆች በሕይወት ነበሩ። ካሌባስ በተባለችው ተራራማ መንደር እናትና አባት በገዛ እጃቸው ነው ያስረከቧቸው፤ ልጆቹ ይማራሉ፣ እናንተም እየመጣችሁ ታዩአቸዋላችሁ መባላቸውን ተናግረዋል።

ይህ ለእኛ አገር ሰው እንግዳ ወሬ አይደለም። ልጁ ተምሮ ይመለሳል ብሎ ለጉዲፈቻ የፈረመ ወላጅ እዚህም ነበር። ኢትዮጵያ የውጭ ጉዲፈቻን በሕግ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው።

ስምንቱ አሜሪካውያን በየካቲት ተለቀቁ። መሪዋ በግንቦት ጥፋተኛ ተባለች፤ የታሰረችበት ጊዜ ተቆጥሮላት አገሯ ገባች።