የእናቴ ባና

ደብረ ብርሃን የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ መምህር ሳለሁ፣ ጠዋት በመስኮት በሚገባው የፀሐይ ጨረር ውስጥ የሚንሳፈፈውን ብናኝ ለተማሪዎቼ አሳያቸው ነበር። «ትልልቁ በደቂቃዎች ይወርዳል፤ ደቃቁ ግን ለሰዓታት አየር ላይ ይቆያል» እላቸው ነበር። ይኸው ትምህርት ማሪቢርኖንግ ድረስ ተከትሎኝ እንደሚመጣ አላሰብሁም።

ኖቬምበር 21 ቀን 2016 (እ.ኤ.አ.) ማምሻውን ታክሲ ላይ ነበርሁ። ቀኑ ሲያቃጥል ውሎ ነጎድጓድ መጣ። አንባብያን ታስታውሱታላችሁ፤ የሣር አበባ ብናኝ በእርጥበት እየፈነዳ፣ ሳንባ ውስጥ ጠልቆ የሚገባ ደቃቅ ሆነ። በዚያ ጠንቅ 10 ሰዎች ሞቱ፤ ሺዎች ሆስፒታል አጣበቡ። ቤቴ ስደርስ ትንሿ ልጄ አስሟ ተነሥቶባት፣ እናቷ ፓፈሩን ይዛ ስትንቀጠቀጥ አገኘኋቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈች። በኋላ ሐኪሟ ስለ ቤታችን ጠየቁን። ወለሉ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ምንጣፍ ነው። መጋረጃው ድርብ ነው። ሶፋው ላይ ደግሞ እናቴ ፀጉሩን ፈትላ ያሠራችው የመንዝ ባና አለ።

ጨርቅ አየር ላይ ያለውን ብናኝ ይይዛል። ነገር ግን ስንቀመጥበትና ልጅ ስትዘልበት መልሶ ይለቀዋል። በውስጡም የሰው ቆዳ ርጋፊ የሚበሉ፣ በዓይን የማይታዩ ተባዮች ይራባሉ፤ ኩሳቸው አስም ያስነሣል።

ባለቤቴ «ባናውን አውጣው» ስትለኝ ተቆጣሁ። «ከባናውና ከልጅህ ማን ይበልጥብሃል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ሌላውን ሳስተምር የኖርሁትን ለራሴ ቤት አላዋልሁትም ነበር።

እያፈርሁ ለእናቴ ደወልሁ። ሳቀች። «አንተ ልጅ! ባና እኮ ፀሐይ ላይ ወጥቶ በዱላ ይመታል። ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ አስተኝተኸው ኖሯል?» አለችኝ።

ቤቱ የኪራይ ስለሆነ ምንጣፉን ማንሣት አልቻልንም። አቧራ ስንጠርግ ልጃችን ከክፍሉ ትወጣለች፤ ብናኙ እስኪወርድም አትመለስም። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በ60 ዲግሪ ውኃ ይታጠባል። ከኦክቶበር እስከ ዲሴምበር የሣር ወራት ነውና ጨርቅ ውጭ አናሰጣም።

ባናው ታጥፎ በላስቲክ ከረጢት ተቀምጧል። በጃንዋሪ ፀሐይ ሲበረታ ጓሮ አውጥቼ በዱላ እመታዋለሁ። ልጄ ከተዘጋው መስኮት ጀርባ ቆማ ትስቅብኛለች።